ዓርብ ማን ይወረውርብናል?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግሁትም ከወትሮው ወጣ ያለ፣ ግን ባለፉት ጥቂት ዓመታት ዓርብ ማታዬን ጠቅልሎ የወሰደብኝ ጉዳይ ነው፤ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ቤዝቦል። ከዚያም ውስጥ በአንዲት ጠባብ ልማድ ላይ ብቻ እቆያለሁ፤ እኛ ደጋፊዎች የተቀናቃኝ ቡድን ኳስ ወርዋሪዎችን ገና ሜዳችንን ሳይረግጡ እንዴት እንደምንመዝናቸው።

አትላንታ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ስኖር ቤዝቦልን የማውቀው ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለ፣ ድምፁ በተዘጋ ቴሌቪዥን ነበር። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አንድ ዓርብ ይዛኝ ሄደች። እሷ ተመርቃ፣ ሥራ ይዛ፣ ከተማም ቀይራለች፤ እኔ ግን እዚያው ወንበር ላይ ቀርቻለሁ። የቡድናችንን ስም አልጠራም፤ ብጠራው ግማሾቻችሁ እዚሁ ላይ ትዘጉኛላችሁ።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ጥቂት ላስረዳ። የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች በሊጋቸው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገናኙት ለአንድ ጨዋታ አይደለም፤ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ተከታትለው ሦስት ጊዜ ይጋጠማሉ። ጨዋታውን የሚጀምረው ወርዋሪ ደህና ከዋለ መቶ ያህል ኳስ ይወረውርና ክንዱ እስኪያገግም ሳምንት ገደማ ያርፋል። ስለዚህ ለሦስቱ ቀናት ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ በልማድ ምርጡ ዓርብ ይወጣል፣ ሁለተኛው ቅዳሜ፣ እሑድ ደግሞ የተረፈው። ወርዋሪው ከመቺው 18.44 ሜትር ርቆ ጉብታው ላይ ይቆማል፤ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚወረውር ከሆነ ኳሱ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ ሳይሞላ መቺው ዘንድ ይደርሳል። ጨዋታው በማን እጅ እንዳለ ከዚህ መገመት አያዳግትም።

ማክሰኞ ሲመሽ ጥያቄው ይጀመራል፤ «ዓርብ ማን ይወረውርብናል?» በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ እንዲህ አይመርርም። «ብን» የምትለዋ ቅንጣት አማርኛ ውስጥ የገባችው የቤዝቦል ደጋፊ ታስቦ ይመስለኛል፤ ዝናብ ዘነበብን፣ ሌባ ገባብን፣ ግራኙ ወረወረብን።

ሚዛኑ የሚጀምረው ከቁጥር ነው። በወርዋሪው ላይ በዘጠኝ ዙር፣ ማለትም በአንድ ሙሉ ጨዋታ፣ በአማካይ ስንት ነጥብ እንደሚገባበት የሚናገር፣ ኢአርኤ የሚባል ቁጥር አለ፤ የባልንጀሮቹ ስህተት ያስገባው ነጥብ አይታሰብበትም። ከ3 በታች ከሆነ እንሸማቀቃለን፤ ከ6 በላይ ከሆነ ጮቤ እንረግጣለን። ቀጥሎ በሦስት ስትራይክ፣ ማለትም መቺው በሳታቸው ወይም ሳይመታ ባሳለፋቸው ደህና ኳሶች፣ የሚያሰናብታቸውን መቺዎች ብዛት፣ ውርወራው ደጋግሞ ዒላማ ስቶበት በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ወደ መጀመሪያው የሩጫ ማረፊያ፣ ከሚለቃቸው ጋር እናስተያያለን። እኔ በበኩሌ ይህኛውን አብልጬ አምናለሁ፤ ነጥብ መግባትና አለመግባቱ ላይ አብረውት የተሰለፉት ስምንት ልጆች እጅ ሲኖርበት፣ በነፃ የተለቀቀ መቺ ግን የወርዋሪው የብቻው ዕዳ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ቁጥሩ በማን ላይ እንደተሰበሰበ ማወቅ ነው። ውድድሩ በፌብሩዋሪ አጋማሽ ሲከፈት ትልልቆቹ ቡድኖች የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ብዙውን ጊዜ ከደከሙ ቡድኖች ጋር ስለሚያሳልፉ፣ ማርች መጀመሪያ ላይ የሚታይ ያማረ ቁጥር የበልግ ደመና ነው፤ አምኖት የሚዘራ ግን ሞልቷል።

በተቃራኒውም መሳሳት እንደሚቻል የተማርኩት ተዋርጄ ነው። አንድ ሰሞን የሚመጣብን ቡድን የእሑዱ ወርዋሪ ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበር፤ ኢአርኤው 6.30። ዓርብ ተሸንፈን፣ ቅዳሜ አሸንፈን ስንወጣ፣ ለረድፋችን ሁሉ «እሑድ የኛ ነው፣ አርፋችሁ ተኙ» አልኩ። ልጁ ሰባት ዙር ወርውሮ አንድ ነጥብ ብቻ ገባበት። ማታ ቤቴ ገብቼ መዝገቡን ጨዋታ በጨዋታ ስዘረዝር ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። እኛን ከመግጠሙ በፊት ሃያ ዙር ወርውሮ አሥራ አራት ነጥብ ነበር የገባበት፤ ከአሥራ አራቱ ስምንቱ ግን በአንድ ብርዳማ ቀን፣ በአንድ ዙር ብቻ የገቡ ናቸው። ያን ዙር ብታወጡት በአሥራ ዘጠኝ ዙር ስድስት ነጥብ ይቀራል፤ ይህም 2.84 ነው። እኔ የመዘንኩት ልጁን ሳይሆን አንድ መጥፎ ቀኑን ነበር።

ከጎኔ የሚቀመጡት ሽማግሌ ግን ቁጥር አይወዱም። ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ጨዋታው ሊጀመር አርባ ደቂቃ ሲቀረው የእንግዳው ቡድን ወርዋሪ የሚያሟሙቅበት አጥር ዘንድ ሄደው፣ ክርናቸውን ሽቦው ላይ አስደግፈው ዝም ብለው ያያሉ። አንድ ዓርብ እኔም ተከትያቸው ቆምኩ። ሁለት ሜትር የሚጠጋ ልጅ ነበር፤ ኳሱ የያዡ ጓንት ውስጥ ሲገባ በር እንደተላተመ ያህል ይጮኻል። እኔ ድምፁን እየሰማሁ ፈራሁ። ሽማግሌው ግን ኳሱን ጨርሶ አላዩትም፤ የሚያዩት የልጁን የግራ እጅ ጓንት ነበር። ዘግየት ብሎ የሚመጣውን ኳስ፣ ቼንጃፕ የሚሉትን፣ ለመያዝ ጣቶች ይበተናሉ፤ ኳሱም መዳፍ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ይቀመጣል። ልጁ ኳሱን ጓንቱ ውስጥ ሸሽጎ እንዲህ በያዘ ቁጥር ጓንቱ ጥፍር በምታህል ስፋት ከፈት ትላለች። በፈጣኑ ኳስ ጊዜ አትከፈትም። ይህን ካሳዩኝ በኋላ ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ።

ሦስተኛው ዙር ላይ ረድፋችን በሙሉ ከውርወራው በፊት «ዘገምተኛ!»፣ «ፈጣን!» እያለ ያንሾካሹክ ነበር፤ ከአሥር ዘጠኙን እናውቀዋለን። ምን ዋጋ አለው፤ መቺዎቻችን ነገሩን ይወቁት አይወቁት እንጃ፣ አልመቱትም። ስምንት ዙር ሙሉ፣ የሚወረወረውን እያወቅን ተሸነፍን።

ይህን ሁሉ ሳስብ ደጋግሞ የሚመጣብኝ በ2023 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኦማሃ ላይ የሆነው ነው። በየዓመቱ በጁን የመጨረሻዎቹ ስምንት ቡድኖች ነብራስካ ውስጥ፣ ኦማሃ ከተማ ይሰበሰባሉ። ያን ዓመት ጁን 22 ቀን ወደ ፍጻሜው ለማለፍ የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ ኤልኤስዩ፣ ከዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ጋር ገጠመ። በኤልኤስዩ ወገን ወርዋሪው ፖል ስኪንስ፣ በዌክ ፎረስት ወገን ሬት ላውደር። ስኪንስ ከአየር ኃይል አካዳሚ ተዛውሮ የመጣ ልጅ ነው፤ በዚያው ዓመት 209 መቺዎችን በስትራይክ አሰናብቶ፣ የቀድሞው የኤልኤስዩ ወርዋሪ ቤን ማክዶናልድ በ1989 ያስመዘገበውን የሊጋቸውን ክብረ ወሰን፣ 202ን፣ አልፏል። ስለ ሁለቱ ወርዋሪዎች ያልተባለ ነገር አልነበረም፤ እኛ እንኳ ጉዳዩ የማይመለከተን ሰዎች ለሁለት ተከፍለን ተከራከርን። ሁለቱም የተባለላቸውን ሆኑ፤ ላውደር ሰባት ዙር፣ ስኪንስ ስምንት ዙር ያለ ምንም ነጥብ ዘጉ። ከዚያ ሁለቱም ከወጡ፣ ዘጠኙ ዙርም ያለ አሸናፊ አልቆ ጨዋታው ከተራዘመ በኋላ፣ በአሥራ አንደኛው ዙር፣ ቶሚ ዋይት የተባለው የኤልኤስዩ መቺ ገና አዲስ የገባውን ወርዋሪ የመጀመሪያ ኳስ ከአጥር ውጭ ላካት፤ 2 ለ 0። ያን ሁሉ ክርክር ያደረግንባቸው ሁለቱ ልጆች ተቀምጠው እያዩ።

ኤልኤስዩ ከፍሎሪዳ ጋር የገጠመበት፣ ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ያሸነፈ ዋንጫ የሚወስድበት ፍጻሜ ደግሞ የባሰ ነው። የፍሎሪዳ ደጋፊዎች «ስኪንስ ይመጣብን ይሆን?» እያሉ ሲጨነቁ፣ ስኪንስ በፍጻሜው አንዲት ኳስ አልወረወረም። የመጀመሪያውን ቀን የጀመረው የቅዳሜው ሰው ታይ ፍሎይድ ሲሆን፣ በስምንት ዙር 17 መቺዎችን በስትራይክ አሰናበተ፤ ኤልኤስዩ 4 ለ 3 አሸነፈ። በማግስቱ ፍሎሪዳ 24 ለ 4 ረታ። በሦስተኛው ቀን ያው ኤልኤስዩ 18 ለ 4 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በሁለት ቀን ውስጥ እንዲህ የተገለባበጠ ነገር በየትኛው ኢአርኤ ይተነበያል? እኔ ከዚያ ወዲህ የተቀናቃኝን ስም ዝርዝር ሳይ ዓይኔን ከዓርቡ ሰው አንሥቼ ወደ ታች፣ ሦስተኛውና አራተኛው ስም ላይ አሳርፋለሁ። የዓርቡን ማንም ያውቀዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። የእነሱን ወርዋሪዎች እንዲህ ዙር በዙር ስንበረብር፣ የራሳችንን ግን በዚያ ዓይን አናያቸውም። የእነሱ ልጅ 5.40 ከሆነ ደካማ ነው፤ የኛ ልጅ 5.40 ከሆነ ዕድል የጎደለው፣ ክንዱን ትንሽ ያመመው፣ ሰሞኑን የተሻሻለ ነው። ልጄ ይህን ስነግራት ሳቀችና «አባዬ፣ የኔን የሂሳብ ውጤትም እንዲሁ ነበር የምታነበው» አለችኝ።

ትናንት ማታ ሽማግሌው መልእክት ላኩልኝ፤ አንዲት ቃል ብቻ፤ «ግራኝ»። የዚህ ሳምንት የዓርቡ ወርዋሪ ማለታቸው ነው። ከመቺዎቻችን ጠንካሮቹ ሦስቱ በግራ የሚመቱ ናቸው፤ በግራ የሚመታ ሰው ደግሞ ግራኝ ወርዋሪ ሲመጣበት ኳሷ ከጀርባው ተነሥታ የምትመጣ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ቃሏ በቂ ነበረች። ቁጥሩን አየሁት፤ 2.10 ይላል። አሁን ይህን ቀረጻ እንደጨረስኩ ፌብሩዋሪ ውስጥ እነማንን እንደገጠመ ልፈልግ ነው። ደህና ሁኑልኝ።