የቅሬው ደብተርና የቀበሌው ወንበር

እሷ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን፣ ከደሴ ነን። የዛሬው ጥያቄያችን ጎረቤቱን የሚያምን ሰው መንግሥትንም ያምናል ወይ የሚል ነው።

እሱ፦ ሳትጨርሺ ልመልስልሽ፤ አያምንም።

እሷ፦ ቆይ እንጂ! አሜሪካዊው ምሁር ሮበርት ፑትናም ጣሊያንን አጥንቶ የደረሰበት ሌላ ነው። በፈረንጆቹ 1970 በመላ አገሪቱ የክልል መስተዳድሮች ተቋቋሙ፤ አወቃቀራቸው ተመሳሳይ ነበር። ነገር ግን የሰሜኖቹ በአመዛኙ ከደቡቦቹ የተሻለ ሠሩ። ፑትናም እንደሚለው የመዘምራን ማኅበሩ፣ የእግር ኳስ ክለቡ በበዛበት አካባቢ መስተዳድሩም ይበረታል።

እሱ፦ በማኅበር ብዛትማ ቢሆን ወሎን ማን ይቀድመው ነበር? ሌላው እድር የሚለው ቅሬ አለን፣ ተሰብስበን የምንጸልይበት ወዳጃ አለን፣ ጽዋ አለን፣ ደም የሚያደርቅ አስታራቂ፣ አበጋር አለን። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ ድንኳን ይተክላል፣ አብሮ ቃሬዛ ይሸከማል። ይኸው ሰው ግን ጉዳይ ይዞ ቢሮ ሊሄድ ሲነሳ አስቀድሞ የሚጠይቀው «እዚያ የምታውቁት ሰው አለ?» ብሎ ነው።

እሷ፦ እሱም እኮ መተማመን ነው።

እሱ፦ ሰውየውን ማመን ነው እንጂ ቢሮውን ማመን አይደለም። ሰውየው የተዛወረ ዕለት ጉዳይሽ ሜዳ ላይ ይቀራል። ዘመድ የሌለውስ ምን ይሁን? እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

እሷ፦ ቅሬውስ ለምን ይታመናል? በእኛ ሰፈር ገንዘብ ያዡ ደብተሩን ዘርግቶ ስም እየጠራ ያነባል፦ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ የትኛው ድንኳን ተቀደደ። አንዲት እናት ከኋላ ብድግ ብለው «ለሠርግ የወጣው ትልቁ ድስት ተመለሰ ወይ?» ይላሉ። ዳኛው፣ ማለትም የቅሬው መሪ፣ መልስ ሳይሰጥ አይቀመጥም። ከቀብር የቀረ ደግሞ ዳኛው ራሱ ቢሆንም መቀጮውን ይከፍላል።

እሱ፦ በይ እንግዲህ! ቅሬውን ያቆመው ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ደብተሩም ነው።

እሷ፦ ትስስር ግን ጥርጣሬንም ያወርሳል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃብተኛው በአውራ ጎዳናው ዳር ተደርድሮ ሳለ የንጉሡ መንግሥት ነገሩን ሸሸገ። ያንን ያየ ለልጁ ነገረ፣ ልጁም ለልጁ። እንዲህ ያለውን በአንድ መግለጫ አትሽረውም።

እሱ፦ ከዚያ በ1967 ዓ.ም. ቀበሌ መጣ። ቀበሌ መዋጮውንም ስብሰባውንም በቅሬ በኩል ሲጠራ የሚሆነውን ታውቂዋለሽ፤ ዳኛው የመንግሥት ተላላኪ መስሎ ይታያል። ቀበሌው አመኔታ ሳያገኝ ቅሬው የነበረውን ያጣል።

እሷ፦ ታዲያ ቅሬው እምቢ ይበል?

እሱ፦ አይበል። ገንዘቡ በቅሬው ከተሰበሰበ ግን ሒሳቡም በቅሬው ፊት ይነበብ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ራሱ ይምጣና ያንብብ።

እሷ፦ ካልመጣስ?

እሱ፦ የቅሬው ሕግ ይሠራበታ! የቀረ መቀጮ ይከፍላል።