የአካባቢ ሳይንስን ማቀድና ማስተማር፦ ከድሬዳዋና ከሐረር አድማጮች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በሬዲዮ የትምህርት ፕሮግራማችን በስልክ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ ሳይንስን የሚመለከቱትን መርጬ፣ በአየር ላይ ሰዓት ያልበቃውን ማብራሪያ ጨምሬ እዚህ አቅርቤያለሁ።

ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ የደወሉ የ5ኛ ክፍል መምህርት፦ «መጽሐፉን በጊዜው ለመጨረስ እሮጣለሁ፤ ተማሪዎቼ ግን በሳምንቱ ስጠይቃቸው ብዙውን ረስተውት አገኛቸዋለሁ። በተሻሻለው ሥርዓተ ትምህርት ዓመታዊ ዕቅዴን ከምን ተነሥቼ ላውጣ?»

መምህርት፣ ከመርሐ ትምህርቱ (ከሲለበሱ) ይነሡ፤ መጽሐፉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያለውን ሳይንስ አካባቢ ሳይንስ በሚል አንድ የትምህርት ዓይነት ሥር አድርጎታል፤ ይህም የተደረገው ልጁ በዙሪያው ያለውን ነገር አይቶ፣ ለክቶና አወዳድሮ እንዲያውቅ ታስቦ ነው። ስለዚህ በየምዕራፉ የተቀመጡትን አጥጋቢ የመማር ብቃቶች፣ ማለትም ልጁ ምዕራፉን ሲጨርስ ቢያንስ ሊኖሩት የሚገቡትን ችሎታዎች፣ አንድ በአንድ ያንብቡና እያንዳንዱ ልጁ ምን እንዲሠራ እንደሚጠይቅ ይለዩ። ልጁ እንዲዘረዝር ብቻ የሚጠይቀው ብቃት በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል፤ እንዲለካ፣ እንዲያወዳድር ወይም ሙከራ ሠርቶ እንዲያስረዳ የሚጠይቀው ግን ሁለትና ሦስት ክፍለ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ሁሉንም ገጽ እኩል ጊዜ የሚሰጥ ዕቅድ ነው መምህሩን የሚያስሮጠው።

ቀጥሎ የትምህርት ካላንደሩን ይዘው በእጅዎ ያሉትን ክፍለ ጊዜዎች ይቁጠሩ፤ ፈተናና በዓል የሚወስዱትን ይቀንሱ፤ ከቀረውም ላይ ለክለሳ የሚሆን ጥቂት ያስቀሩ። የምዕራፎችን ቅደም ተከተል መቀየር የሚያስፈልግ ከሆነ በትምህርት ክፍሉ ተስማምታችሁ ቀይሩት፤ አለበለዚያ በወሰነ ትምህርቱ ፈተና ላይ ያልተማሩት ነገር ይመጣባቸዋል።

የዕለት ትምህርት ዕቅድን በተመለከተ፣ በ40 ደቂቃ አራት ዓላማ ማስቀመጥ ቅጹን ይሞላ ይሆናል እንጂ ልጁን አያስተምርም። አንድ ጥያቄ፣ አንድ ተግባርና ልጁ መረዳቱን የሚያሳይ አንድ ማስረጃ ይበቃል። ለምሳሌ ትነትን ሲያስተምሩ በሁለት ተመሳሳይ ሳሕኖች ላይ አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውኃ አፍስሰው አንደኛውን ፀሐይ ላይ፣ ሁለተኛውን ጥላ ሥር ያስቀምጡ። ልጆቹ የትኛው ቀድሞ እንደሚደርቅና ለምን እንደሆነ ውጤቱን ሳያዩ በደብተራቸው ይጻፉ። በድሬዳዋ ፀሐይ ልዩነቱ ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ በዓይን ይታያል። ልጁ አስቀድሞ የጻፈውንና በኋላ ያየውን አስተያይቶ የሚጽፋት አንዲት ዓረፍተ ነገር ለተከታታይ ምዘና ከአሥር የእውነት ሐሰት ጥያቄ የበለጠ ትነግርዎታለች።

ከሐረር የደወሉ መምህር፦ «ውኃ አፍልተን በቴርሞሜትር ስንለካ 94 ዲግሪ ላይ ቆመ። ለተማሪዎቼ ውኃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ አስተምሬ ነበር። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ልበላቸው?»

አይበሏቸው። ቴርሞሜትርዎ ደኅና ነው፤ ተማሪዎችዎም በትክክል ለክተዋል። ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚፈላው በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ስለሚያንስ ግፊቱም ይቀንሳል፤ ውኃውም በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል ብሎ ማስላት ይቻላል። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለምትገኝ ውኃዋ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ስለሆነች በ96 ገደማ ይፈላል፤ የባቡሩ መስመር የሚያበቃባት ጅቡቲ ደግሞ ባሕር ዳርቻ ላይ ስለሆነች 100 ትደርሳለች። ሦስቱም ልጆቹ ስማቸውን ሲሰሙ ያደጉ ከተሞች ስለሆኑ፣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያሻም።

የእኔ ምክር ቁጥሩን ለማረም ሳይቸኩሉ 94 ብለው እንዲጽፉ ማድረግ ነው። ከዚያም እሳቱን ጨምረው ቁጥሩ ከፍ ይል እንደሆነ ይዩ፤ ውኃው ይበልጥ ይንፈቀፈቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ድሬዳዋ ያለ የሥራ ባልደረባ ካለዎት በአንድ ቀን ሁለታችሁም ለክታችሁ ውጤቱን በስልክ ተለዋወጡ፤ ልዩነቱ ከየት መጣ የሚለውን ጥያቄ ልጆቹ ራሳቸው ያነሡታል። ሐረር ላይ ሽምብራና ባቄላ ለመብሰል ለምን ረዘም ያለ ጊዜ እንደሚወስድም እናቶቻቸውን ጠይቀው ይምጡ። ርካሽ ቴርሞሜትር በአንድ ዲግሪ ቢሳሳት አይግረማችሁ፤ ሙከራውንም በሁለት ቴርሞሜትር ብትሠሩት መልካም ነው። የቴርሞሜትሩ ጫፍ የብረት ድስቱን ታች እንዳይነካ ይጠንቀቁ፤ የፈላውን ውኃም መምህሩ ብቻ ይያዘው። የሰው ትኩሳት መለኪያ ግን በፍጹም ለዚህ ሥራ አይውልም፤ የሚለካው እስከ 42 ዲግሪ ድረስ ስለሆነ ይሰበራል።

ከድሬዳዋ፣ ከገንደ ቆሬ፦ «ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪዎች አሉ፤ ቤተ ሙከራ የለንም። ተግባር ተኮር የሚባለው ለእኛ እንዴት ይሆናል?»

አንድ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ዱላ በግቢው ተክላችሁ በየሳምንቱ የጥላውን ርዝመትና አቅጣጫ መመዝገብ ትችላላችሁ። በድሬዳዋ ፀሐይ ከፍተኛ ቦታዋ ላይ የምትደርሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ አካባቢ ነው፤ በፈረቃ ለሚያስተምሩም ይህ ከጠዋቱ ፈረቃ ማብቂያ ጋር ይቀራረባል። ታኅሣሥ 12 አካባቢ የዱላው ጥላ 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ከዚያ በየሳምንቱ ያጥራል፤ ሚያዝያ 7 አካባቢ ፀሐይ በትክክል ከአናት በላይ ስለምትሆን ጥላው ዱላው ሥር ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ወደ ደቡብ ዞሮ ሰኔ 14 አካባቢ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። በየሳምንቱ አንድ ቡድን ወጥቶ ይለካል፤ ቀሪው ክፍል ቁጥሩን በሰሌዳው ሠንጠረዥ ላይ ያሰፍራል። ስለዚህ 60 ልጅ በአንድ ጊዜ ማስወጣት አያስፈልግም። ልጆቹ ጥላው ለምን ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ ብለው ሲከራከሩ መልሱን ፈጥነው አይስጧቸው። በቤታቸው አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ የሚናገሩ ልጆች ካሉም መጀመሪያ በፈለጉት ቋንቋ እርስ በርስ ይወያዩ፤ ሐሳቡ ከጠራ በኋላ በማስተማሪያው ቋንቋ ይጽፉታል።

የ7ኛ ክፍል መምህር፣ ከሐረር፦ «የሠለጠንኩት በባዮሎጂ ነው፤ አሁን ጠቅላላ ሳይንስ ተመድቦልኛል።»

ቀድሞ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ተብለው ለየብቻ ይሰጡ የነበሩት በመካከለኛ ደረጃ ተዋሕደዋል፤ ችግርዎም የብዙ መምህራን ችግር ነው። የፊዚክስና የኬሚስትሪ መምህራን ካሉ በየሁለት ሳምንቱ ተቀምጣችሁ በጋራ አቅዱ፤ እያንዳንዱን ሙከራም ከክፍል በፊት ባለሙያው ባለበት አንድ ጊዜ ሥሩት።

አንዲት እናት፣ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን፦ «ልጄ ድንጋይና ቅጠል እየሰበሰበ ይመጣል፤ ደብተሩ ግን ባዶ ነው። ይህ ትምህርት ነው?»

መሰብሰቡ ትምህርት ነው፤ የደብተሩ ባዶነት ግን ሊያሳስብዎ ይገባል። የሰበሰበውን በምን እንደለየው ይጠይቁትና የነገረዎትን እንዲጽፈው ያድርጉ። በየድንጋዩ ላይ የሎሚ ጭማቂ ጠብ ያድርግ፤ የኖራ ድንጋይ ከሆነ ትናንሽ አረፋ ያወጣል፤ ሌላው ዝም ይላል። ከመምህሩም ጋር ይነጋገሩ።

ከድሬዳዋ የደወሉ ሌላ መምህርት፦ «የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ በሳይንስ ክፍል ማንሣት ተገቢ ነው? ልጆቹ ይፈራሉ።»

ተገቢ ነው፤ ጥንቃቄ ግን ያስፈልገዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል፤ በክፍልዎ ውስጥም ዘመድ ያጣ ቤተሰብ ልጅ ሊኖር ስለሚችል ማንንም ልጅ ታሪክ እንዲናገር አያስገድዱ። ልጆቹ ሊያውቁት የሚገባው ዋና ነገር ከተማው ላይ ጠብታ ሳይጥል፣ በስተደቡብ ባለው ደጋ በዘነበ ዝናብ ምክንያት ደረቁ የወንዝ አሸዋ በድንገት ሊሞላ መቻሉን ነው።

ለማሳየት ሁለት የሃይላንድ ፕላስቲክ ጠርሙሶች በቁመታቸው ከፍተው አንዱን በባዶ አፈር፣ ሌላውን ሣር በበቀለበት አፈር ይሙሉ። እኩል አዘንብለው፣ እኩል ውኃ ቀስ ብለው ያፍስሱና ከአፋቸው የሚወርደውን በብርጭቆ ይቀበሉ። ከባዶው አፈር የሚወርደው ቀድሞ ይደርሳል፤ መጠኑም ይበዛል፤ ጭቃማም ነው። ከዚያ ልጆቹ ከቤታቸው እስከ ትምህርት ቤት የሚያልፉበትን መንገድ ይሣሉ፤ ወንዙን የሚያቋርጡበትን ቦታ ምልክት ያድርጉበት፤ ደጋው ሲጠቁር በየት በኩል እንደሚዞሩም ከወላጆቻቸው ጋር ተነጋግረው በማግስቱ ይዘው ይምጡ።