ካፖርቱ ውስጥ ማን አለ?

(ስክሪን ላይ፦ ባዶ ግድግዳ። ምስማር ላይ አንድ ካፖርት ተሰቅሏል።)

ይህን ካፖርት እዩት። ምንም አይልም፣ አይደል? አሁን ደግሞ ግድግዳው ላይ ያረፈውን ጥላ እዩ። ጥላው ጭንቅላት አለው። እግርም አለው።

ዛሬ የምንሠራው ይህን ፖስተር ነው። ፊልሙ ስለ ጠፋ ሰው የሚተርክ ልብ አንጠልጣይ ነው እንበል። መቼም ቶሎ የሚመጣልን ጭጋግ፣ ሽጉጥና ፊቱ በግማሽ የጨለመ ተዋናይ ነው። እሱ ደግሞ አሰልችቷል። ስለዚህ ከሱሪያሊዝም እንበደር፤ የተለመዱ ነገሮችን እንደ ሕልም ባልተለመደ መንገድ ከሚያሳየው የሥዕል ስልት።

(የማግሪት ሥዕል ይታያል።)

ቤልጂየማዊው ሠዓሊ ሬኔ ማግሪት እ.ኤ.አ. በ1928 «አፍቃሪዎቹ»ን ሣለ። ሁለት ሰዎች ይሳሳማሉ፤ የሁለቱም ጭንቅላት በጨርቅ ተሸፍኗል። ልብሳቸውም ግድግዳውም ግን ማንም ቤት የሚገኝ ዓይነት ነው፤ እንግዳው ነገር ጨርቁ ብቻ ነው። ማግሪት ለእንጀራው ማስታወቂያ ይሠራ ስለነበር፣ ዓይን የት እንደሚቆም ያውቃል።

ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ጋ ነው። ሱሪያሊዝም ሲባል የሚቀልጥ ሰዓት፣ የሚበር ዓሣ፣ የተንሳፈፈ ዓይን፣ ሁሉንም አንድ ላይ እናጭቃለን። ታዲያ ተመልካቹ የቱን ይጠርጥር?

የካፖርታችን የቅርብ ዘመድ ግን ሌላ ነው። ጣሊያናዊው ጆርጆ ዴ ኪሪኮ እ.ኤ.አ. በ1914 የሣለው ጎዳና አለ፤ የሱሪያሊዝም ማኒፌስቶ (የስልቱ ዓላማ መግለጫ) ከመውጣቱ 10 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። አንዲት ልጅ ቀለበት እያንከባለለች ትሮጣለች። ከፊቷ መንገዱ ላይ ረጅም ጥላ ተጋድሟል። የጥላው ባለቤት ከሕንፃው ጀርባ ነው፤ አይታይም።

(ወደ ሥራው።)

ካፖርቱን በሰው ቁመት ልክ ስቀሉ። አንድ መብራት ከጎን አድርጉና ፎቶ አንሱ። ከዚያ ካሜራውም መብራቱም ሳይነቃነቅ፣ አንድ ሰው ካፖርቱን ለብሶ እዚያው ቦታ ይቁም። ደግማችሁ አንሱ። ከሁለተኛው ፎቶ የምንፈልገው ጥላውን ብቻ ነው። ፎቶሾፕ ላይ ሁለቱን ደርቡና ሰውየውን በማስክ (የፎቶውን ክፍል ሳያጠፋ በሚሸፍነው መሣሪያ) ደብቁት።

ለምን በብሩሽ አንሥለውም? ያስታውቃላ! እውነተኛ ጥላ ድፍን ጥቁር አይደለም፤ የግድግዳውን ቀለም እንደያዘ ይጠቁራል። ጠርዙም አንድ ዓይነት አይደለም። ለግድግዳው የቀረበው ጥርት ይላል፣ የራቀው ይደበዝዛል። ይህን በእጅ ለማስመሰል ግማሽ ቀን ታቃጥላላችሁ።

ርዕሱ ባዶው ግድግዳ ላይ፣ ትንሽ ሆኖ ይቀመጥ። ደም የሚያንጠባጥብ ፎንት ይቅርባችሁ፤ ፊልሙ ሳይጀምር ምስጢሩን ያወራዋል።

አሁን ፖስተሩን በአውራ ጣት ጥፍር ልክ አሳንሱት፤ ብዙ ሰው የሚያየው ስልክ ላይ ነው። ካፖርቱና ጥላው ከተደባለቁ መብራቱን ወደ ጎን አርቃችሁ እንደገና አንሱ።

(ፖስተሩ ስክሪኑን ይሞላል።)

በመጨረሻ ስለ ፊልሙ ለማያውቅ ሰው አሳዩት። ምንም አትንገሩት፤ ዓይኑን ብቻ ተከተሉ። ከካፖርቱ ወደ ጥላው ሄዶ፣ ተመልሶ ካፖርቱ ላይ ከፈጠጠ ለማተሚያ ቤት ላኩት።