ለ297ቱ ተማሪዎች
ለተማሪዎች የአጭር ልብ ወለድ ውድድር አዘጋጆችና ዳኞች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች፣ በዳኝነት ለማገልገል ፈቃደኛ የሆናችሁ ወዳጆቼ፤

እንኳን ደህና መጣችሁ። ስለ ሽልማቱ፣ ስለ መድረኩና ስለ ምስክር ወረቀቱ የሚያስብ ሰው አይጠፋም። እኔ የተሰጠኝን ጊዜ በሙሉ የማውለው ስለ ማንበብ ለመናገር ነው።

ተማሪ ዓመቱን ሙሉ ይጽፋል። የጻፈውን የሚያነብለት መምህሩ ነው፤ የሚያነበውም ሊያርመው ነው። ነጥብ የት እንደጎደለ፣ ፊደል የት እንደተሳሳተ ይነገረዋል። «ከዚያስ ምን ሆነ?» እያለ በጉጉት ገጹን የሚገልጥለት ሰው ግን እምብዛም አያገኝም። ውድድራችን ሊሰጠው የሚችለው ትልቁ ነገር ይህ አንባቢ ነው። 300 ተማሪዎች ቢወዳደሩ የሚሸለሙት ሦስቱ ናቸው። የቀሩት 297ቱ ከእኛ የሚያገኙት ከልብ መነበብን ብቻ ነው። እርሱንም ከነፈግናቸው ድካማቸውን ተቀብለን ባዶ እጃቸውን ሰደድናቸው ማለት ነው።

ከዓመታት በፊት በዳኝነት ሳገለግል የሠራሁትን ስሕተት ልንገራችሁ። ውጤት የሚገለጽበት ቀን ደርሶ ነበር፤ ጽሑፎቹ ጠረጴዛዬ ላይ ተከምረዋል። ሌሊት ላይ አንድ በእርሳስ የተጻፈ ታሪክ አነሣሁ። ግድፈት የበዛበት፣ መስመሩ የተጣመመ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ እንደጨረስኩ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጥቼ ወደ ጎን አደረግሁት። በማግስቱ ሌላዋ ዳኛ ያንኑ ታሪክ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልን። አንዲት ልጅ የሞተው አባቷ ኮት ለሰው ከመሰጠቱ በፊት ኪሶቹን ትፈትሻለች። ከአንዱ ኪስ የአውቶቡስ ቲኬት ታወጣለች፤ ከሌላው የተሰበረ እርሳስ። ከውስጠኛው ኪስ ደግሞ እርሷ ሁለተኛ ክፍል ሳለች የሣለችው ሥዕል አራት ላይ ታጥፎ ይወጣል። ታሪኩ «አዘነች» አይልም፤ «አለቀሰች» አይልም። ሥዕሉን እንደነበረ አጥፋ እዚያው ኪስ ውስጥ ትመልሰዋለች፤ የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ትቆልፋለች። በዚህ ያበቃል። ክፍሉ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም። እኔ ይህን የጣልኩት ሁለተኛውን ገጽ ሳልገልጥ ነበር።

የዛሬው ደንባችን የመጣው ከዚያ ሌሊት ነው። እያንዳንዱን ጽሑፍ ሁለት ዳኞች ለየብቻቸው እስከ መጨረሻው ያነቡታል። ነጥባቸው በጣም ከተራራቀ አማካዩን ይዘን አናልፍም፤ ሦስተኛ ዳኛ ያነበዋል። ይህ ስንት ሰዓት እንደሚጠይቅ አብረን እናስላ። 300 ታሪኮች ሁለት ሁለት ጊዜ ሲነበቡ 600 ንባብ ነው። ለአንዱ ንባብ ከነአስተያየቱ 15 ደቂቃ ብንመድብ 150 ሰዓት ይሆናል፤ ለዐሥር ዳኞች ሲካፈል ለእያንዳንዳችሁ 15 ሰዓት። ይህን በሁለት ሌሊት ልጨርስ የሚል ሰው ሁለተኛውን ገጽ ሳይገልጥ ይጥላል። ስለዚህ ጽሑፍ ማስረከቢያው ካበቃበት ቀን እስከ ውጤቱ ድረስ ሙሉ አምስት ሳምንት ጠይቄያለሁ፤ ከዚህ ቢያጥር አልስማማም።

የቃላት ገደባችን 1000 ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው የቢቢሲ የልጆች ውድድር ገደቡን 500 ላይ ማቆሙን ታውቃላችሁ። የእኛዎቹ ከፍ ያሉ ክፍሎች ተማሪዎች ስለሆኑ ትንሽ ሰፋ አድርገነዋል። የ13 ዓመቱን ልጅ ከ17 ዓመቷ ጋር ማወዳደር ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ምድባቸው ይለያያል።

ርእስን በተመለከተ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። «የታማኝነት ጥቅም» ብለን ርእስ ከሰጠን የሚደርሰን ስብከት ነው። ልጁ ምን እንድንሰማ እንደምንፈልግ ገና ከርእሱ ያውቀዋልና። ይልቅ አንድ ነገር እንስጠው፦ የማይከፈት መሳቢያ፣ ለሌላ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ፣ በስሕተት የተደወለ ስልክ። ጭብጡን ራሱ ያገኘዋል።

አሁን ወደ ስም ጉዳይ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1833 በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ የሚታተም አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ የአጭር ልብ ወለድና የግጥም ውድድር አወጣ። በኋላ ዝነኛ ደራሲ የሆነው አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ ያኔ የተቸገረ፣ ብዙም የማይታወቅ ወጣት ነበር። ዳኞቹ የጸሐፊውን ማንነት ሳያውቁ አንብበው የልብ ወለዱን ሽልማት፣ 50 ዶላር፣ ለእርሱ ሰጡት። በግጥሙ ዘርፍ ያሸነፈው ግን በብዕር ስም የተወዳደረው የዚያው ጋዜጣ አዘጋጅ ሆኖ ተገኘ። ግጥምም አስገብቶ የነበረው ፖ በዚህ እጅግ ተቆጣ። በአንድ ውድድር ውስጥ ሁለቱንም እናያለን፤ ስም መሸፈን የማይታወቀውን ወጣት አወጣው፣ አዘጋጁ መወዳደሩ ደግሞ ውጤቱን አጠለሸው። ስለዚህ ጽሑፎቹ ለዳኞች የሚደርሱት በቁጥር ብቻ ነው። የስም መዝገቡ ዳኛ ባልሆነ አንድ ሰው እጅ ይቀመጣል። መምህር የራሱን ትምህርት ቤት ጽሑፎች አይዳኝም፤ የአዘጋጆችና የዳኞች ልጆችም አይወዳደሩም። የተማሪዎቻችሁን የእጅ ጽሕፈት ታውቁታላችሁና ቁጥር ብቻውን አይበቃም።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ስላስጻፈ ወይም ከሌላ ስለገለበጠ ተማሪ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። «ይህ የሰው አይደለም» የሚሉት መመርመሪያ ፕሮግራሞች ንጹሑንም ልጅ ስለሚከስሱ አንጠቀምባቸውም። ለመጨረሻው ዙር ያለፉትን ረቂቃቸውን እንጠይቃለን፤ ቁጭ ብለንም ስለ ታሪካቸው እናወያያቸዋለን። ራሱ የጻፈው ልጅ ስለ ገጸ ባሕርዩ ሲጠየቅ ፊቱ ይበራል፤ ያልጻፈውን ሁሉ ይነግረናል።

አንድ ከባድ ነገርም አለ። አንዳንድ ልጅ በልብ ወለድ ስም በራሱ ላይ የደረሰውን በደል ይጽፋል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲገጥማችሁ በነጥብ አትለፉት፤ ለሌሎች ዳኞችም አታውሩት። በዚያው ቀን ለልጆች ደኅንነት ኃላፊዋ ንገሩ። የታሪኮቹ የባለቤትነት መብት የጸሐፊዎቹ ነው፤ ያለ ተማሪውና ያለ ወላጁ ፈቃድ አንዲት መስመር አናትምም።

ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ፣ ለሁሉም፣ ሁለት ዐረፍተ ነገር እንጽፋለን። የመጀመሪያው ከታሪኩ ውስጥ አንዲት መስመር ጠቁሞ ለምን እንደያዘችን ይናገራል። ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ «ወንድሟ ለምን ዝም አለ?» የሚል ዓይነት። «ጥሩ ሙከራ ነው፣ በርታ» የሚል ወረቀት ከደረሰኝ ለጻፈው ዳኛ እመልሰዋለሁ። ያ ቃል ጽሑፉ ሳይነበብም ሊጻፍ ይችላልና።

በፊታችሁ ባለው ማኅደር ውስጥ ለልምምድ የተዘጋጁ አራት ታሪኮች አሉ። እርስ በርስ ሳትነጋገሩ አንብባችሁ ነጥብና ሁለት ሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ከሻይ ዕረፍት በኋላ ነጥቦቻችሁን ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን እናሰፍራቸዋለን፤ በተራራቅንበት ላይም ቆመን እንከራከራለን። ሦስተኛው ታሪክ በእርሳስ የተጻፈ ነው። እባካችሁ ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ ብላችሁ አንብቡት።