የተዋጠችው «ር»

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና እናንተ ብቻ ነን። የማወራችሁም ስለ አንዲት ፊደል ነው፦ ስለ «ር»።

እኛ እንግሊዝኛ ስናወራ «ር»ን አናስቀርም። «ካር» እንላለን፣ «ፓርኪንግ» እንላለን፤ የተጻፈች ሁሉ ትጠራለች። ነባሩ የቦስተን ሰው ግን ዋጥ ያደርጋታል፤ «ካ»፣ «ፓኪንግ» ይላችኋል። ለንደንም ያው ነው። ስኮትላንድ ስትሻገሩ ደግሞ ትመለሳለች።

መዋጧስ ይሁን። እኔን የሚገርመኝ፣ ያው መዋጥ ለንደን ላይ የተከበረ ሰው ሲያሰኝ ኒውዮርክ ላይ ያልተማረ ማሰኘቱ ነው። ኒውዮርክም ቢሆን ሁሌ እንዲህ አልነበረችም። የፕሬዝዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልትን የድሮ የራዲዮ ንግግር ፈልጋችሁ ስሙ። የኒውዮርክ ባለጸጋ ልጅ ናቸው፤ «ር»ን ይውጧታል። ያኔ የትልቅ ሰው አነጋገር ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ።

ይህን አሳምሮ ያሳየው ዊልያም ላቦቭ የሚባል የቋንቋ ተመራማሪ ነው። ዘዴው እስከ ዛሬ ያስቀኛል። በ1962 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ሦስት ትልልቅ መደብሮች መረጠ፤ ሳክስ የባለገንዘቡ፣ ሜሲስ የመካከለኛው፣ ክላይን ርካሽ ፈላጊው የሚሄድበት። አራተኛ ፎቅ ላይ ምን እንደሚሸጥ አስቀድሞ ያጣራል። ከዚያ ሻጩን ጠጋ ብሎ፣ እንደማያውቅ ሆኖ፣ ዕቃው የት እንደሚገኝ ይጠይቃል። ሻጩ «ፎርዝ ፍሎር» ይለዋል፤ ወይም «ፎዝ ፍሎ»። ላቦቭ ሆዬ ያልሰማ መስሎ «ይቅርታ?» ይላል። ሻጩ አሁን ረገጥ አድርጎ ይደግምለታል። ከዚያ ዞር ብሎ፣ ሰው በማያየው ቦታ፣ ማስታወሻው ላይ ጫር ያደርጋል። አለቀ! መጠይቅ የለ፣ መቅረጸ ድምፅ የለ።

ቢያንስ አንዴ «ር»ን ያሰሙት ሳክስ 62 በመቶ፣ ሜሲስ 51፣ ክላይን ደግሞ 20 ነበሩ። ልብ በሉ፣ የሳክስ ሻጮች ራሳቸው ሀብታም አይደሉም። የደንበኛውን አፍ ነው የተዋሱት። «ይቅርታ?» ሲባሉ ደግሞ «ር» ይበልጥ ብቅ ትላለች፤ በተለይ ሜሲስ። ሰው ሲጠነቀቅ ወዴት እንደሚያዘነብል ያሳብቃል።

በነገራችን ላይ፣ ቦስተን ያጣናትን «ር» ሌላ ቦታ እናገኛታለን። አብዛኛው አሜሪካዊ ውሃ ሲጠይቅ መሃል ያለችውን «ት» ወደ እኛዋ «ር» አስጠግቶ «ዋረር» ነው የሚለው። ፊላደልፊያ «ዉደር» ይሉታል። ለንደን ውስጥ ብዙው ሰው «ት»ን ጉሮሮው ላይ ያስቀራታል።

አላባማ ተወልዶ ያደገ የሥራ ባልደረባ አለኝ። እስክሪብቶ ሲፈልግ «ፒን አለህ?» ይለኛል። እነሱ ጋ ፒንና ፔን አንድ ናቸው። መላውንም ራሳቸው አበጅተውለታል፤ እንዳይምታታ «ኢንክ ፒን» ይላሉ። ማንም ሲያፍርበት አላየሁም።

«አክሰንቴን እንዴት ላጥፋው?» እያላችሁ የምትጽፉልኝ አላችሁ። ምን ብዬ ልመልስ? በማን ልትተኩት? እኔን ከጠየቃችሁ፣ መኖር የሚለውን «ሊቭ» እና መሄድ የሚለውን «ሊቭ» መለየት ልፋት ያዋጣል፤ አንዱ አጠር፣ አንዱ ረዘም ይላል፣ ሐሳቡም ስለሚቀየር። «ር»ን ግን ተዉአት፣ ማንንም አላስቸገረች። ገንዘብ ከፍሎ እሷን ማለስለስ ለእኔ ትርፍ ወጪ ነው።

ሚኒሶታ ያላችሁ ደግሞ የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። እዚያ ቦርሳ ሲጠሩ «ባግ» ወደ «ቤግ» ይጠጋል ይባላል። ልጆቻችሁ የትኛውን ነው የያዙት? እስኪ አስቀርጿቸውና ላኩልኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት አሰማዋለሁ።