ወረፋ ላይ የቀረው ደብዳቤ

ዛሬ ሌላ ነገር ላወራችሁ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልሆነልኝም። የጎረቤታችን የጋሼ ደብዳቤ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል።

ትናንት ማታ ጋቢዬን ደርቤ ኢሜይላችንን የሚያመላልሰውን የሰርቨሬን መዝገብ አያለሁ። የጦሳ ተራራ ብርድ እንደምታውቁት ነው። ፖስትፊክስ የሚባለው መልእክት አድራሽ ፕሮግራም አንድ መልእክት አልሄድ ብሎት ወረፋ ላይ ይዞታል፤ ጋሼ ለልጃቸው የጻፉት ነው። ሦስተኛ ቀኑ። በ5 ቀን ካልተሳካለት ለላኪው ይመልሰዋል።

ምክንያቱ እዚያው ተጽፏል፤ የተቀባዩ ማሽን «450፣ ለጊዜው አልቀበልም» ብሏል። ይህ የሜይል ሥርዓት በ1982፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ሲደነገግ ላኪው ማሽን አስቀድሞ ሰላምታ እንዲያቀርብ ተደርጎ ነው፤ ትእዛዙም «ሄሎ» ይባላል። ይህን ደስ ይለኛል። የእኛ አገር ሰውም ሰላም ሳይባባል ወሬ አይጀምርም፤ ከሰላምታው ቀጥሎ ደግሞ የማን ልጅ እንደሆንክ ይጠይቅሃል። የእኔ ማሽን ስሟን ተናገረች፤ የአይፒ ቁጥሯ፣ የኢንተርኔት አድራሻዋ ማለቴ ነው፣ ግን አልመሰከረላትም። ቁጥሩን ከስሙ ጋር የሚያያይዘው፣ የኢንተርኔት መስመር የሚሰጠኝ ድርጅት ነው። ማመልከቻዬ እዚያ ከገባ ሰነበተ።

ስለዚህ ምክንያቱን አውቄዋለሁ። ታዲያ ደብዳቤውን ለምን ከፈትኩት?

ወረፋ ላይ ያለን መልእክት የሚያሳየውን ትእዛዝ፣ ፖስትካት ብዬ ጻፍኩ፣ የመልእክቱን ቁጥር ጨመርኩ። አማርኛው ወዲያው አልታየም። ቤዝ64 በሚባለው ስልት ተቀይሮ ስለነበር፣ የላቲን ፊደልና ቁጥር እንደ አሸዋ ፈሰሰ። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም፤ ቀዳሁት፣ ወደ አማርኛ መለስኩት፣ ሁለት መስመር አነበብኩ። ምን እንደሚል አልነግራችሁም። ከእኔ የደበቁኝ ነገር ነው።

ልጅ ሆኜ ለሰፈራችን እናቶች ከዓረብ አገር የሚመጣውን ደብዳቤ አነብላቸው ነበር። ያስለመዱኝ ጋሼ ናቸው። «ያነበብከውን ደጃፋቸው ላይ ጥለኸው ና» ይሉኝ ነበር። ያን ጊዜ ግን ተጠርቼ ነው የማነበው።

ይህን ሰርቨር የተከልኩት ደብዳቤያችንን የማያውቀን ሰው እንዳያየው ብዬ ነው። ዲኪም የሚባለው ፊርማ ጽሑፉ በመንገድ እንዳልተቀየረ ይመሰክራል። እንዳልተነበበ ግን... እሱን የሚመሰክር የለም።

ዛሬ ጠዋት ደብዳቤው እንደዘገየ ነገርኳቸው። ማንበቤን አልነገርኳቸውም። «አብሽር፣ ይደርሳል» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ልጃቸው ይህን ፖድካስት ያዳምጣል። እየሰማኸኝ ከሆነ አባትህ ጽፈውልሃል፤ እባክህ ደውልላቸው። ወይም ይህን ልቁረጠው፤ አላውቅም። ነገ አምስተኛው ቀን ነው። አሁን እነ ጋሼ ቤት ቡና ቀርቧል፣ እየተጠራሁ ነው። አቦሉ ላይ «ደረሰለት?» ካሉኝ...