ፈጣን ሲባል ከየት እስከ የት ነው?

ጤና ይስጥልኝ። ከድሬዳዋ ነው የምናገረው። ዛሬ ብቻዬን ስለ ፍጥነት ላወራ ነው።

ድሬዳዋ ተቀምጦ ፍጥነት እያነሱ ባቡርን መዝለል ነውር ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መንገደኛ ሲጭን በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ታስቦ ተሠርቷል። ይሁን፤ ነገር ግን 120 ጣሪያው እንጂ አማካዩ አይደለም። ከአዳማ ወዲህ ሐዲዱ ነጠላ በመሆኑ አንዱ ባቡር ጣቢያ ላይ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል። ግመልና ከብትም ሐዲዱን ያቋርጣሉ። ጣቢያው ደግሞ እንደ ድሮው ከዚራ ሳይሆን ከከተማ ውጭ ነው። ሻንጣ ይዤ ከባጃጅ ሾፌር ጋር የምከራከርባትን ጊዜ ማንም አይቆጥርልኝም። እኔ ግን የምቆጥረው ከደጄ ጀምሬ ነው።

የዛሬውን ባቡር ዘገምተኛ ማለቴ ግን አይደለም። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ለንግድ ሥራ ሐረር የገባው የሶማሌን በረሃ 20 ቀን በፈረስ አቋርጦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ እዚህ ሲደርስ ያ ሁሉ ድካም ቀለለ፤ የሐረር ተራራ ግን ለባቡር አልመች አለ። ከተማችን ከተራራው ሥር የተቆረቆረችው በዚሁ ምክንያት ነው። ፈጣኑ ዳገት ባያቅተው ኖሮ እኛ ድሬዎች የት እንኖር ነበር?

በዚህ አገር የምር ጥድፊያ ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ጫት ገበያዋ ወደ አወዳይ ይሂድ። ጫት ከተቆረጠ በኋላ ካቲኖን የሚባለው አነቃቂ ንጥረ ነገሩ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ይዳከማል። ስለዚህ ቆራጩም፣ አሳሪውም፣ ጫኙም ይሯሯጣሉ፤ ሾፌሩማ አይነገርም! ደንገጎ በሚባለው ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ላይ የጫት መኪና ከኋላ ጡሩምባ ሲነፋ ዳር መያዝ ነው እንጂ ሌላ ብልሃት የለም። ይህን አላደንቅም። ለጫቱ ትኩስነት ሲባል የሌላ ሰው ሕይወት ገደል አፋፍ ላይ መዋል አልነበረበትም።

ታዲያ ለምን በባቡር አይጫንም የሚል አይጠፋም። ጫት ነጋዴው ጉዞውን ከጣቢያ እስከ ጣቢያ አይቆጥርም፤ ከማሳው እስከ ቃሚው እጅ ነው። ሾፌሮቹ ደንገጎ ላይ ቀስ ቢሉ ደስ ይለኛል። አቆጣጠራቸው ግን ከባቡሩ 120 ይልቅ ይገባኛል።